ያጠብኩት የሱረት ቀንድ

ባለፈው ሳምንት ከኢገን ከተማ ተነስቼ በሴንት ፖል ሳልፍ፣ ቀድሞ የሠራሁበት የድሮ ዕቃ ሱቅ ተዘግቶ አየሁ። መስኮቱ በወረቀት ተሸፍኗል። መኪናዬን ዳር አስይዤ ጥቂት ተቀመጥኩ። ያዘንኩት ለሱቁ አልነበረም።

ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት መግቢያ ነበር፤ ሃያ ዓመቴ ነው። ከአባቴ ጋር ሴንት ሉዊስ ፓርክ የምትባል ከተማ እንኖር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት አውቶቡስ ይዤ፣ ጫማዬ በመንገዱ ጨው ነጭ ሆኖ ሱቁ እደርሳለሁ። ባለቤቷ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ነበሩ። የፖም ኬክ ላይ ቢጫ አይብ ጥለው ያበሉኛል፤ የመጀመሪያ ቀን የሚቀልዱብኝ መስሎኝ ነበር፣ ኋላ ግን ለመድኩት።

ሥራዬ የመስታወት ሣጥን ውስጥ የተደረደሩትን ትናንሽ ባለ ክዳን የብር ዕቃዎች መወልወል ነበር። የድሮ የአውሮፓ ሰዎች ሱረት፣ በአፍንጫ የሚሳብ የትምባሆ ዱቄት፣ ይይዙባቸው እንደነበር ባለቤቷ ሲነግሩኝ ሳቅኩ። ሱረት የሚስቡት የእኛ አገር ሽማግሌዎች ብቻ ይመስሉኝ ነበር። አሮጊቷ ግን ክዳን ክዳኑን እያሳዩ ያስረዱኛል፦ መርከብ የተቀረጸበት የመርከበኛ፣ ውሻ ያለበት የአዳኝ፣ የሴት መልክ የተሳለበት ሚስቱን ጥሎ የሄደ ሰው። የዕቃውን ባለቤት ሳላየው ያየሁት ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን የአባቴ ታላቅ ወንድም አገር ቤት፣ ጎባ፣ አረፈ። መርዶው ሲመጣ አባቴ የመኖሪያ ወረቀቱ አላለቀለትምና ሄዶ መቅበር አልቻለም። አፓርታማችን ውስጥ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። ከወር በኋላ ከጎባ የመጣ ሰው አንድ ጣሳ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮና በጨርቅ የተጠቀለለ የሟቹን የሱረት ቀንድ አመጣልን።

የበሬ ቀንድ ነው፤ ዙሪያውን ክብ ክብ ጌጥ ተቀርጾበታል። አባቴ ጭኮውን ረስቶ እሱን ያገላብጥ ጀመር።

«ይሄ ቀለበት ከጥይት ቀለሃ የተቀጠቀጠ ነው። ሰንሰለቱ የአያቴ በቅሎ ልጓም ላይ ነበረ። ቅርጹን አባታችን ናቸው በካራ የሠሩት።»

«አባዬ፣ ሱቅ ያሉትን እኮ ነው የሚመስለው!» አልኩት። ለቅሶ ከተቀመጠ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ፍሪድሊ ካለው ፋብሪካ ሺፍቱን ጨርሶ ሲመጣ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ መስኮት ዳር ይቀመጥና ባዶውን ቀንድ ከፍቶ ያሸታል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። እኔ ያየሁት ውስጡ የጋገረውን ጥቁር እድፍ ነበር። እንዲህ ያለ ዕቃ እንዲህ መቀመጥ የለበትም አልኩ፤ ባለሙያ መሆኔ ነው።

አንድ ቀን እሱ ሥራ ሳለ በፈላ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ዘፈዘፍኩት። ውስጡን በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩ፣ የነሐስ ቀለበቱን እስኪያብረቀርቅ ወለወልኩ። ነጭ ናፕኪን ላይ አስቀምጬ ጠበቅኩት።

«ሰርፕራይዝ! ክሊን አደረግኩልህ።»

አነሳው። ከፍቶ ወደ አፍንጫው አስጠጋ። እንደገና አስጠጋ።

«በምን አጠብሽው?»

«በሳሙና። ቆሽሾ ነበር እኮ።»

«ቆሻሻ አልነበረም» አለ፣ ድምፁን ሳያነሳ። «ጋሼ ነው። ልጅ ሆነን አንድ መደብ ላይ ስንተኛ ጠረኑ እንዲህ ነበር። ያለኝ እሱ ብቻ ነበር፣ ልጄ።»

ራቱን ሳይበላ ገብቶ ተኛ። ቅዳሜ ለአሮጊቷ ስነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከአንድ ሱቅ ሱረት ገዝቼ ቀንዱ ውስጥ ልጨምርበት አሰብኩ። ከፍቼ ሳሸተው እንደ ማስቲካ ሚንት ሚንት ይላል፤ ሱረቱን ወርውሬ ጣልኩት። ስንት ክዳን ሳነብ፣ ውስጡ ምን እንደቀረ አንድም ቀን አለማሰቤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አባቴ አሁን ጡረታ ወጥቷል። እሑድ ልጠይቀው ስሄድ ቀንዱን ከኪሱ አውጥቶ ያሸትና ይሰጠኛል።

«ትንሽ ትንሽ እየተመለሰ ነው» ይለኛል።

ይህን ማለት ከጀመረ ስምንት ዓመት ሊሆነው ነው። ለእኔ ሲል እንደሚዋሽ አውቃለሁ። ተቀብዬ አሸተዋለሁ፤ ምንም የለም።

«አዎ አባዬ» እለዋለሁ፣ «ይሸታል።»