የብርጭቆ ወረቀት ፊደላት

ይህን የምጽፈው ለመበቀል ነው። የተሻለ ምክንያት ልሰጠው ሞክሬ ነበር፤ ለትውልድ ይጠቅማል፣ ለታሪክ ይቀመጣል እያልሁ ሁለት መግቢያ ጽፌ ሁለቱንም ቀድጃለሁ። የጸሎት ወንድሞቼ ይቅር በል ይሉኛል፤ በየእሑዱ ተንበርክኬ ሞክሬዋለሁ፤ ስነሣ ግን ከጉልበቴ አቧራ በቀር የተራገፈልኝ ነገር የለም።

ባለፈው ሳምንት ከልጅነት ትምህርት ቤቴ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። አቶ መንገሻ ከረጅም አገልግሎት በኋላ ወደ ትውልድ አገራቸው ሊመለሱ ስለሆነ፣ ከተማሪዎቻቸው መካከል ጥሩ ይጽፋል የተባልሁት እኔ በስንብቱ ዕለት የሚነበብ የምስጋና ቃል እንዳዘጋጅ ኮሚቴው በትሕትና ይጠይቃል። ደብዳቤውን ኪሴ ከትቼ ወደማስተምርበት ክፍል ስገባ፣ ከወደ ኋላ የቀለጠ ቅቤ ሽታ መጣብኝ። ሽታውን ተከትዬ ብሄድ የመጨረሻው ወንበር ላይ ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ የተወተፈላት አንዲት ልጅ አገኘሁ። እናቷ ለሕመሟ ያደረገችላት ነው። እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ ያ ሽታ የወንድሜ የዳና ሽታ ነበርና።

ትምህርት ቤቱ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ጠዋት ጠዋት ጉሙ እስከ መስኮቱ በሚወርድበት ሜዳ ላይ ነበር። የውጭ አገር ሰዎች ለልጆቻቸው የከፈቱት ሲሆን የሠራተኞቻቸውንም ልጆች ይቀበል ስለ ነበር፣ የአምስት አገር ልጆች በአንድ ጣሪያ ሥር እንማር፣ በአምስት ቋንቋ እንሰዳደብ ነበር፤ ከሁሉም የሚጥመው ስድብ የወላይትኛው መሆኑን ፈረንጆቹ ሳይቀሩ በአንድ ወር ውስጥ ደርሰውበታል። አባታችን ባሳ የግቢው አናጢ ነበር። የተቀመጥንባቸውን ወንበሮች በሙሉ የሠራው እሱ ነው። የመጨረሻውን ግን እንጨት አልቆበት ከቁርጥራጭ ስለ ገጣጠመው አንደኛው እግሩ አጥሮ፣ የተቀመጠበትን ሁሉ ቀኑን ሙሉ ያነቀንቅ ነበር።

አቶ መንገሻ የክፍላችን አስተማሪ፣ የግቢውም አስተርጓሚ ነበሩ። በአንቱታ የምጽፍላቸው አስተዳደጌ ስለሚያስገድደኝ ብቻ መሆኑ ይታወቅልኝ። ሁለት ደንብ ነበራቸው። አንደኛው፣ በየወሩ መጨረሻ በውጤታችን ተራ ያስቀምጡናል፤ አንደኛ የወጣ ከሰሌዳው ሥር፣ መጨረሻ የወጣ እዚያ በሚነቃነቀው ወንበር ላይ። ሁለተኛው፣ ዓርብ ዓርብ የቃል ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ መመለስ ያቃተውን፣ መልሱን ያወቀው ልጅ ሄዶ ጆሮውን ይጎትተዋል። ከሰሌዳው ሥር የምቀመጠው እኔ ነበርሁ። በሚነቃነቀው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ደግሞ ሁለት ጊዜ ክፍል ደግሞ እኔ የደረስሁበት ታላቅ ወንድሜ ነበር።

ዳና ረጅም፣ እኔ አጭር ነበርን። ዓርብ ዓርብ ስሜ ተጠርቶ ወደ ኋላ ስሄድ፣ እጄ እንዲደርስለት ብሎ ጎንበስ ይልልኝ ነበር። የምጎትተው ጆሮ መግል የሚፈስበት፣ እናታችን ማታ ቅቤ ያንጠባጠበችበት ያ የቀኙ ጆሮ ነው፤ አቶ መንገሻ ግራውን አይፈቅዱም ነበር፤ ደንቡ በቀኝ ነው ይሉ ነበር። ወደ ቦታዬ ስመለስ ጣቶቼ ቅቤ ቅቤ ይሸታሉ። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ዳና «እጅህ እኮ በረዶ ነው፤ ከመጎተትህ በፊት እሳት አሙቀው» ይለኝና ይስቃል፤ እኔም እስቅ ነበር። ያ ሳቅ ዛሬ ከጉተታው ሁሉ የበለጠ ያመኛል።

እንዴት ሳናውቅ ቀረን? እኛ ያጠፋነውን ጥፋት የሚያጠፋው የእኛ አገር ሰው ብቻ ይመስለኛል። ቤታችን የሚወራው በወላይትኛ ነው፤ ያም ቢሆን ከእንሰቱ ወዲያ ማዶ ሆነው በሚጣሩበት ድምፅ፣ ወይም ጎን ለጎን ተጠጋግተው ተቀምጠው ነው። ዳና ሁሉንም ይሰማል፣ ይመልሳል፣ ይቀልዳል። ትምህርት ቤት ግን በአማርኛ፣ ያውም ከሩቅ፣ አቶ መንገሻ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው በዚያ በቀጭን ድምፃቸው ሲናገሩ ዝም ይላል። እናታችን አማርኛው ጠንክሮበት ነው አለች። አባታችንም፣ እኔም እንደዚያው አልን። አቶ መንገሻ ደግሞ ድንጋይ ነው አሉ። እያንዳንዱ ወር ወደ ኋላ በገፋው ቁጥር የሚሰማው ይቀንሳል፤ የሚሰማው በቀነሰ ቁጥር ወደ ኋላ ይገፋል። ጆሮው ሊሆን ይችላል ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

ከሚነቃነቀው ወንበር አጠገብ የሚቀመጠው የዳና ጎረቤት ጆን የሚባል የአንድ ፈረንጅ ልጅ ነበር። ጆን አንድ መስመር ማንበብ አይችልም፤ ፊደላቱ ዐይኑ ሥር እየተገለባበጡ ያስቸግሩታል። ለእሱ ግን ወላጆቹ ሚስ ሩት የምትባል አስተማሪ ከአገራቸው አስመጡለት። ሚስ ሩት ከአባቴ ሥራ ቤት ትርፍራፊ የብርጭቆ ወረቀት ለምና የእንግሊዝኛ ፊደላትን እየቀረጸች በካርቶን ላይ ለጠፈች፤ ጆን ዐይኑ ያሳሳተውን ጣቱ እንዲያስተካክልለት በሻካራው ፊደል ላይ እጁን እያስኬደች ከግቢው ዋርካ ሥር ታስተምረው ጀመር። አባቴ ውሎ አድሮ ለማን ልጅ እንደሚጠቅም ሳያውቅ ወረቀቱን በደስታ ሰጠ፤ ማታም የፈረንጆች ነገር፣ ልጅ በአናጢ ዕቃ ያስተምራሉ እያለ ሲስቅ ትዝ ይለኛል።

ጆን ብቻዬን አልማርም አለና ዳናን ይዞት ሄደ። ሚስ ሩት በሦስተኛው ቀን ከዳና ጀርባ ቆማ አጨበጨበች። ጆን ዞረ፤ ዳና አልዞረም። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ፣ ከንፈሯን እያሳየች፣ ቀስ ብላ ትናገረው ጀመር። በስድስት ሳምንት ውስጥ ዳና አሥራ ዘጠኝ ፊደል ያዘ። ማታ በጎደሬው ማሳ ዳር ተቀምጦ ጣቱን በጭኑ ላይ እያስኬደ ሲጽፍ፣ ምን እንደሚጽፍ ስጠይቀው የኔን ስም ጽፎ አሳየኝ። አንድ ፊደል ጎድሎት ነበር፤ ገና አልደረሰበትም።

ከዚያ የጆን ቤተሰቦች ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሆነ፤ ሚስ ሩትም አብራቸው። ከመሄዷ በፊት አባቴን አስጠራችው። እሱ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ዋርካው ሥር ቆመ፤ አቶ መንገሻ ሊያስተረጉሙ መጡ፤ እኔ በክፍሉ በእንግሊዝኛ አንደኛ ስለ ነበርሁ የፊደሎቹን ሣጥን ተሸክሜ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ሚስ ሩት የተናገረችው እያንዳንዱ ቃል ገብቶኛል። የልጁ አእምሮ ጤነኛ ነው፣ የታመመው ጆሮው ነው አለች። በዚህ ሳምንት ኦቶና ሐኪም ቤት ውሰደው አለች። ክፍል ውስጥም ውጤቱ ምንም ቢሆን ከፊት ይቀመጥ፣ ጆሮውንም ማንም አይንካው አለች። ይህን የመጨረሻውን ስትል አቶ መንገሻን ነበር የምታየው።

ፊታቸው ደም መሰለ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ።

«ባሳ፣ እመቤቲቱ የምትለው ልጁ ለትምህርት አልተፈጠረም ነው። ጉልበት ስላለው ሥራህን አስተምረው ትላለች።»

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ በወላይትኛ «እንደዚህ ነው ያለችው?» ሲል ጠየቀኝ። አቶ መንገሻ ወላይትኛ አይችሉም፤ የተጠየቅሁትን ለማወቅ ግን ቋንቋ አላስፈለጋቸውም። ዐይን ዐይኔን አዩኝ። በማግስቱ ዓርብ ነበር፤ እኔም የፊት ወንበሬን እወድ ነበር።

«አዎ» አልሁ።

አባቴ ጎንበስ ብሎ ሚስ ሩትን አመሰገናት። እሷ የነገረችውን ሊፈጽም የተስማማ መስሏት በደስታ እጁን ጨበጠችው። ሰኞ ዕለት ዳና ወደ ሥራ ቤት ገባ። መዶሻ በሚደበድብበት፣ መጋዝ ቀኑን ሙሉ በሚጮህበት ቤት የቀረው ጆሮም እያደር ሄደ። አባቴ ከሦስት ዓመት በፊት ሲሞት፣ አንድ ልጅ ለጭንቅላት አንድ ልጅ ለጉልበት ሰጠኝ እያለ ፈጣሪውን እንዳመሰገነ ነው የሞተው።

ደብዳቤው በደረሰኝ ማግስት ወደ ዳና ሥራ ቤት ሄድሁ። ለአቶ መንገሻ በስጦታ የሚበረከተውን ባለ መደገፊያ ወንበር ኮሚቴው ያዘዘው ከእሱ ዘንድ ኖሯል፤ እንጨቱም ጥሩ ዋንዛ ነው። ፊት ለፊቱ ቆሜ፣ ቃላቱን በከንፈሬ እያሳየሁ፣ ከዋርካው ሥር የሆነውን ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርሁት። የእኔንም «አዎ» አልደበቅሁም። ከዚያ ይህን ወንበር አትሥራላቸው አልሁት።

በዚያ ልኩን በማያውቀው ጮክ ባለ ድምፁ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ወንበሩ ምን አጠፋ?» አለኝ። የብርጭቆ ወረቀቱን አንሥቶ የወንበሩን ክንድ ማለስለሱን ቀጠለ። አራቱም እግሮቹ ልክ ናቸው፤ ሞክሬዋለሁ፤ አይነቃነቅም። እኔን ግን ጎንበስ ብሎ አላየኝም፣ አልሳቀልኝምም።

እሱ ወንበሩን ይስጣቸው። እኔ ይህን እሰጣቸዋለሁ፤ በስንብቱ ዕለት፣ በእንግዶቻቸው ፊት፣ በተቀመጡበት፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ፣ የእኔን ድርሻም ሳልዘል፣ እስከ ኋላው ረድፍ በሚሰማ ድምፅ አነብላቸዋለሁ። ያቺን ባለ ጥጥ ልጅ ደብዳቤው በደረሰኝ በዚያው ዕለት ከሰሌዳው ሥር አስቀምጬ፣ በማግስቱ ከእናቷ ጋር ኦቶና ወስጃታለሁ። ይህ ግን ከሒሳቡ አይቀነስም።

የጠፋው ይህ ነው፦ የዳና ቀኝ ጆሮ። የዳና ግራ ጆሮ። ስድስት ሳምንት የፈጀ ትምህርት። የተያዙ አሥራ ዘጠኝ ፊደላት። ያልተደረሰባቸው ሰባት። አንድ አባት፣ እውነቱን ሳይሰማ። አንድ «አይደለም»፣ ከአፌ ሳይወጣ።