የውሃ አሳላፊው

ባለቤቴ ክሎሪን ክሎሪን ይሸት ነበር። ልብሱን አጥቤ ፀሐይ ላይ ባሰጣውም፣ የሚደርበውን ባና ባራግፈውም ሽታው አይለቅም። ካረፈ ወዲህ ባናውን አላጠብኩትም። አንዳንዴ ፊቴን አስጠጋበታለሁ። አሁን የሚሸተኝ የበግ ጠጉር ብቻ ነው።

በሃምሳዎቹ መጨረሻ የሞላሌን ውሃ የሚያጣራው እሱ ነበር። ከከተማው በላይ፣ ኮረብታው ጥግ ላይ፣ ከወንዝ የተጠለፈው ውሃ መጀመሪያ ሰፊ ገንዳ ውስጥ ይገባል። እዚያ ሳይነቃነቅ ቆይቶ ጭቃው ይዘቅጣል። ቀጥሎ በአሸዋ ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ በመጨረሻ ነጩ ዱቄት፣ ክሎሪኑ፣ ተበጥብጦ ይጨመርበትና በቧንቧ ወደ ገበያው ዳር ቦኖ ይመጣል። ሴቶቹ ሲጠይቁት "ጠላ ታጠልሉ የለ? እኔም ማጥለሌ ነው" ይላቸዋል። ለእኔ ግን ቤት ሲገባ "ውሃውን አስተኝቼ መጣሁ" ነበር የሚለኝ፣ ልጅ ያስተኛ ይመስል። ልጅ አልነበረንም። ሁለት ጊዜ አርግዤ ሁለቱም ሳይወለዱ ቀርተውብኝ ነበር።

ቦኖው እንደተከፈተ ሰው ውሃውን ፈራው። "መድኃኒት የገባበትን ማን ለልጁ ያጠጣል?" አሉ። ባለቤቴ ሙግት አይወድም። በማግስቱ ጠዋት ቧንቧውን ከፈተና፣ ድግስ ላይ ጠጅ የሚቀዳ አሳላፊ እንደሚያደርገው፣ ከውሃው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ በሰው ሁሉ ፊት ጠጣው። አሳላፊ እንዲያ የሚያደርገው መጠጡ መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት ነውና ለማንም ማብራሪያ አላስፈለገም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ሳይቀምስ እንስራ አይሞላም። "የውሃ አሳላፊው" የሚል ስም ወጣለት፤ ደስ ይለው ነበር።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አይቀመስም፤ ውሃ የሚቀዳው ደግሞ በጠዋት ነው። ባለቤቴ ቧንቧውን ከፍቶ ሳይቀምስ ቆመ።

"አትቀምስም እንዴ?" አለችው ጠላ ሻጯ ጎረቤታችን።

"ጾም ነው እኮ፣ እትዬ።"

"ጾምህን ጹም፣ ማን ከለከለህ! ልጆቻችን ግን አይጾሙም። ያልተቀመሰ አናጠጣም።"

ከጥቂት ቀን በኋላ ዘዴ ያገኘ መሰለው። ውሃውን ሳይውጥ ለመቅመስ ብሎ ተጉመጠመጠና ተፋው።

"ኧረ ተፋው!" ብላ ጮኸች አንዷ። "አያችሁ? ለራሱም አልዋጥ አለው!"

እንስራቸውን አዝለው ወደ ታችኛው ጅረት ወረዱ። እሱ ጢሙ ውሃ እያንጠባጠበ ብቻውን ቀረ።

ታችኛው ጅረት በጎች የሚጠጡበት ነው፤ በበጋ ከኩሬ አይሻልም። ብዙም ሳይቆይ የጠላ ሻጯን ትንሽ ልጅ ሆዱን አመመው፤ ቀጥሎ የሌሎችንም። የነፍስ አባታችን ቤታችን ሲመጡ ባለቤቴ "አባቴ፣ ጾሜን ልግደፍ?" ብሎ ጠየቃቸው።

"መፍታቱንስ እፈታሃለሁ" አሉት። "ግን ሁዳዴን የገደፈ ሰው የቀመሰውን ማን ያምናል? ይልቅ ከጾም የተፈታ ሰው ፈልግ።"

"ሕፃን ላስቀምስ ብል እናቱ ትሰጠኛለች?"

አባ እኔን ላለማየት ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ከጾም የፈቱኝ እሳቸው ነበሩ። ሦስተኛ ጊዜ አርግዤ ነበር፤ ከእሳቸውና ከባለቤቴ በቀር የሚያውቅ የለም። የፊተኞቹን ቶሎ ስላወራኋቸው ዓይን የበላቸው ይመስለኝ ነበርና ይህንን በባና ሸፍኜ ያዝኩት። በሁዳዴ ጠዋት ቦኖ ላይ ውሃ መጠጣት ማርገዜን ለከተማው ሁሉ ማወጅ ነው። ባለቤቴ ያሰብኩት ገባውና "አይሆንም፤ ውሃው ይቅር" አለ።

በማግስቱ ተከትዬው ወጣሁ። ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልተነሳም። ሴቶቹ በቦኖው በኩል ወደ ጅረቱ እያለፉ ነበር። ሰው ፊት ባለቤቴን ሁልጊዜ አንቱ እለው ነበር፤ አንተ የምለው ቤታችን ውስጥ ብቻ ነው። ያን ጠዋት ግን ከአፌ አመለጠኝ።

"መዳፍህን ዘርጋልኝ።"

አልዘረጋም።

"ዘርጋልኝ እንጂ፤ በረደኝ።"

በመጨረሻ መዳፉን ሞልቶ ያዘልኝ። ጎንበስ ብዬ ጠጣሁ። ጥርስ ያደነዝዛል፤ ከኋላው የክሎሪን ጣዕም ይመጣል። ዋጥኩት።

ቀድሞ የገባት ጠላ ሻጯ ነበረች። "አንቺ! በሁዳዴ?" አለችና ዓይኗን ወደ ሆዴ አወረደች። "ወይ ጉድ! አሳላፊው ቤቱም ሥራ አልፈታም ለካ!" ጾም መሆኑን ረስታ እልልታውን አቀለጠችው። ከዚያ እንስራዋን ከጀርባዋ አውርዳ ቧንቧው ሥር አስቀመጠች።

እስከ ፋሲካ በየጠዋቱ ከመዳፉ ጠጣሁ። ሴቶቹ ከውሃው ይልቅ ሆዴን ይጠብቁ ጀመር፤ ብቻዬን ቆሜ እያዩኝ "እንዴት አደራችሁ?" ይሉኝ ነበር። የጠላ ሻጯ ልጅ ዳነ። እኛም በክረምቱ ሴት ልጅ ወለድን።

ባለፈው ሁዳዴ ባለቤቴ የአልጋ ቁራኛ ሆኖ ብርጭቆ መያዝ አቃተው። አንድ ጠዋት ውሃ አምጥቼ መዳፌ ላይ ጠብ አደረግሁና ቀመስኩለት።

"ጾም ነው እኮ" አለኝ በደከመ ድምፅ። "ማን ፈታሽ?"

"አንተ ጠጣ" አልኩት፣ ልጃችንና ጠያቂው ሁሉ እየሰሙ።

ከመዳፌ ጠጣ። ፈገግ አለና "አልተፋሁትም፤ ንገሪያቸው" አለኝ።

ከእነዚያ ሴቶች አብዛኞቹ የሉም። ይኸው፣ ላሉት ነገርኩ።