አርብ አርብ የሚታየው ደባሱ

ውቢት እስራኤል አገር፣ ቤኤር ቱቪያ ከሚገኝ ፋብሪካ ቆማ የፕላስቲክ ክዳን ስትለቅም ውላ፣ ማታ በአውቶቡስ ቂርያት ማላኪ የምትገባ ሴት ናት። ኮምፒውተር ሲባል እጇን ሰብስባ «እኔን አታነካኩኝ» ትል ነበር። ዛሬ የስልክ ቪዲዮ ኮምፒውተር ላይ አውጥቶ በማጫወት ማን ይደርስባታል? ያስተማራት ውሸት ነው፣ ምን ይደበቃል።

ታናሽ ወንድሟ ደባሱ ያቭነ ተከራይቶ ይኖር ነበር፤ ሥራው ግንባታ ነበር። አንድ ቀን ሥራ ላይ እንዳለ «ደረቴን» ብሎ ወደቀ፤ አልተነሣም። ያላገባ፣ ያልወለደ፣ ጥርሱ የማይከደን ሳቂታ ልጅ! እናታቸው ዘመናይ ጎንደር ናት። ወደ እስራኤል የመግቢያ ወረቀቷ አላልቅ ብሎ ልጆቿን አስቀድማ ቀረች፤ «ዛሬ ነገ ትመጫለሽ» እየተባለች ስንት ዓመት አለፋት።

ከቀብር እንደተመለሱ አጎታቸው ይርሳው ዘመዱን ሁሉ ሰብስቦ ቁርጡን ተናገረ።

«መርዶ በስልክ አይነገርም። ስትወድቅ ማን ይደግፋታል? ማን ውኃ ያቀብላታል? ትምጣና ማልደን ገብተን፣ ከብበን እንነግራታለን። እስከዚያ ትንፍሽ ያለ ከእኔ ጋር አይተያይም!»

ልማዱ ነው፤ አገር ቤትም እንዲሁ ነበር። ብቻ እዚያ መርዶ ቢደበቅ ለጥቂት ቀን ነው፣ ያውም ሰው በስልክ ፊት ለፊት በማይተያይበት ዘመን።

ውቢት ሰባቱን የሐዘን ቀን እንደ ዘበኛ በር ላይ ቆማ ነው የጨረሰችው። «ፎቶ አታንሡ! ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፉ፣ በእናታችሁ!» ስትል ሰባቱ ቀን አለቀ። አላለቀሰችም። እናቷ ድንገት ደውላ ዓይኗ አብጦ ብታይባትስ?

ዘመናይም መጠየቅ ጀመረች። መጀመሪያ «ሥራ በዝቶበት ነው» ተባለች። ቀጥሎ «ስልኩ ተሰብሮ ነው» ተባለች። በመጨረሻ አኮረፈች። «ልጄን ፊቱን አሳዩኝ። ካላሳያችሁኝ ምግብ አልቀምስም» አለች።

ውቢት የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ከደባሱ ዕቃ መሐል ስልኩን አወጣችው። አብሮት ሲወድቅ መስተዋቱ ተሰነጣጥቆ ግማሹ ጠቁሯል፤ ምንም አያሳይም። የታችኛው ግማሽ ግን ጣት ይሰማል፤ የመክፈቻ ቁጥሩንም ታውቀዋለች። በሽቦ ከልጇ ከሃዳስ ኮምፒውተር ጋር አገናኘችውና ደባሱ ራሱን ከቀረጻቸው አንዱን ቪዲዮ ከፈተች።

ድምፁ መጣ። ምስል የለም፤ የኮምፒውተሩ ስክሪን ጥቁር ነው። ከዚያ ጥቁር ውስጥ ደባሱ ይስቃል፣ «ያላ ያላ፣ ቶሎ በሉ፣ ሲሚንቶ አምጡ!» ይላል፣ ያፏጫል። ወይ ጉድ! ውቢት ክው ብላ ከወንበሩ ተነሣች፤ ከኋላዋ የቆመ መስሏት ዞራ አየች።

ሃዳስ ለሰንበት ፈቃድ ከጦሩ ስትመጣ አየችላት፤ እናቷን እንደ አገሩ ልጆች «ኢማ» ነው የምትላት።

«ኢማ፣ ይሄ ማጫወቻ የዚህን ስልክ ቪዲዮ ድምፁን እንጂ ምስሉን ማንበብ አይችልም። ሌላ ላውርድልሽ።»

አወረደችና ከፈተችው፤ ደባሱ ሙሉ ፊቱ፣ ከነላቡ፣ ስክሪኑን ሞላው። ሃዳስ እናቷ ምን እንዳሰበች የገባት ዘግይታ ነው።

«ኢማ፣ ዲ፣ በቃ! ሞቷል እኮ! ለአያቴ ንገሪያት!»

«ዝም በይ! መርዶ በስልክ? አንቺ ምን ታውቂያለሽ!»

በሚቀጥለው አርብ ጎንደር ደወለችና የራሷን ስልክ ወደ ኮምፒውተሩ አዙራ ያዘች። «ይኸውልሽ እማየ፣ ሥራ ላይ ነው። ኔትወርኩ እያስቸገረው አይሰማሽም» አለች። ዘመናይ ወደ ስልኳ ተጠግታ አየችው። ከዚያ «እደግልኝ የኔ ልጅ» አለች።

ከዚያ ወዲያ አርብ አርብ ሆነ። አንዱን ሳምንት ደባሱ ግንብ ላይ፣ አንዱን ሳምንት አውቶቡስ ሲጠብቅ፣ አንዱን ሳምንት ሽንኩርት ሲከትፍ። ዘመናይ ትመርቀዋለች፤ እሱ ሌላ ቦታ እያየ ይስቃል። ውቢትም ሳታውቀው አርብን በጉጉት መጠበቅ ጀመረች። ብቻዋን ስትሆን ትከፍተዋለች፤ «በላህ?» ትለዋለች። ፋብሪካ ማሽኑ ሲጮህ ሳቁ ይሰማታል። አንድ ቀን ገበያ ወጥታ የወንድ ሸሚዝ በልኩ መርጣ ገዛች። ቤት ገብታ ከከረጢቱ ስታወጣው ነው የማን ልክ እንደሆነ አስባ የደነገጠችው። ፈራች። ራሷን ፈራች። ግን ማጥፋት እንደ መግደል ሆነባት፤ የእናቷ ወረቀትም አልመጣ አለ።

አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሃዳስ እቤት እያለች፣ ቀድማ የደወለችው ዘመናይ ነበረች። ውቢት ቪዲዮውን አዘጋጅታ ስልኩን አነሣች። እናቷ ጥቁር ለብሳለች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። ከኋላዋ ጎረቤቶቿ ተደርድረው ተቀምጠዋል።

«እማየ! ማን ሞተ?»

«ከጎንሽ ሰው አለ?»

«ሃዳስ አለች።»

«በይ ነይ በያትና ትያዝሽ። ያንን ነገር አጥፊው።»

ውቢት ሃዳስን ጠርታ ቪዲዮውን አጠፋችው።

«ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ» አለች ዘመናይ። «ደባሱ ስልክ አንሥቶ ‹እማየ፣ በላሽ?› ሳይለኝ የቀረበት ቀን አለ? ዝም ያልኩት አንቺ እንዳትፈርሺብኝ ብዬ ነው። አሁን ግን ከእሱ ጋር ስትስቂ ሰማሁሽ፤ አንቺንም ልጣ ነው? እኔስ ጎረቤት ሰብስቤ አልቅሼለታለሁ። ያላለቀስሽለት አንቺ ነሽ።»

«እማየ፣ ተይ…»

«መርዶ በስልክ አይነገርም፣ አውቃለሁ። ግን ማን ይንገርሽ? ውቢት ልጄ፣ ወንድምሽ ደባሱ ሞቷል።»

ውቢት በገዛ እጇ አፈር ያለበሰችው ናት። እንደዚያም ሆኖ ገና አሁን እንደሰማች ሰው ወደ መሬት ተደፋች። ሃዳስ ከወለሉ ሳትደርስ ያዘቻት፤ ውቢት በልጇ ክንድ ላይ ሆና «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች እሪ አለች።