ሰባት ቤት ሲቆጠር ያልተጠሩት ሴቶች

እናቴን በገዛ ልጇ ለቅሶ ላይ ያዋረደቻት የአባቴ እህት ዛሬም በሕይወት አለች። መርካቶ ያለው ሱቋም አልተዘጋም። ስለዚህ የማንንም ስም አልጠራም፤ የሚያውቁን ያውቁናል፣ ለማያውቁን ደግሞ ስማችን ምንም አይጨምርላቸውም። ፊት ለፊት ስንገናኝ አንቱ እላታለሁ፤ እዚህ ግን እጄ እምቢ ብሎኛል። የምጽፈው ስለ እሷ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሳሁም ነበር። የምጽፈው ስለ እህቴ ልጅ ነው።

እህቴ በጡት ካንሰር ስትሞት አርባ ዓመት አልሞላትም። ያኔ በቤታችን ካንሰር የሚለውን ቃል ጮክ ብሎ የሚናገር አልነበረም፤ "ያ በሽታ" ነበር የሚባለው። እናቴ ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ እንደተቀመጠች፣ አክስቴ ለቀስተኛው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ፣ "በእኛ ወገን እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶም አይታወቅ። ይሄ በእናት የመጣ ነው" አለች። እናቴ አንገቷን ደፋች። አባቴ ሰምቷል። ጋቢውን አስተካክሎ ዝም አለ። እሱንም አልረሳሁለትም።

ለቅሶው ሳይነሳ ወሬው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ደርሶ ነበር። እናቴ የጎረቤት ልጅ ስታቅፍ የሴቶቹ ፊት ይለዋወጥ ጀመር። እኔን ለማግባት ሽማግሌ ሊልክ ያሰበ ሰው ነበር፤ ሳይልክ ቀረ። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልናገርም።

የእህቴን ልጅ እኔና እናቴ አሳደግናት። አባቷ ሌላ አግብቶ ክፍለ ሀገር ገብቷል። ልጅቷ ያደገችው በእኔ ሱቅ፣ በጨርቅ ጣቃ መሃል ነው። መርካቶ ውስጥ ጨርቅ የሚያውቅ ገዢ በሱቅ መብራት አይገዛም። ጣቃውን ተሸክሞ ደጅ ያወጣና በፀሐይ ገልብጦ ያየዋል። ነጋዴው ይነጫነጫል፤ እሱ ግን አይቶ ነው የሚገዛው። ልጃችን ይህን የተማረችው ገና ደብተር ይዛ ስትመላለስ ነው። አድጋ የልጆች ልብስ ማከፋፈል ስትጀምር ወንዶቹ አስመጪዎች ሲያዩዋት፣ "በሉ ካርቶኑን ክፈቱ፣ ሳታይ አትሄድም" ይባባሉ ነበር። ትስቃለች፤ ካርቶኑን ግን ታስከፍታለች።

ሠላሳ እንዳለፋት ማንም ሳይልካት ጡቷን ልትመረመር ሄደች። ምንም አልተገኘባትም። የመረመራት ሐኪም ግን እናቷ በስንት ዓመቷ እንደሞተች ሲሰማ በዘር ስለሚወረስ በሽታ ወደምታማክር ሌላ ዶክተር ላካት። ዶክተሯን ባነጋገረችበት ቀን ሱቄ መጥታ ጣቃ ላይ ተቀመጠች።

"እትዬ፣ የሴት አያቴ እናት በምን ሞተች?"

"በእርጅና። ስትሞት አንድ ጥርስ አልነበራትም።"

"እህቶቿስ?"

"አንዷ በወሊድ። ሌሎቹ እኔን ቀብረው የሚሄዱ ነበር የሚመስሉት።"

"የወንድ አያቴ እህቶችስ? እናቱስ?"

በአባቴ ወገን ሴት በምን ሞተች ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ወይ ጨጓራ ነው፣ ወይ ምች ነው፣ ወይ ድንገት ነው።

"የአባት ወገን ደግሞ ምን አገባው? የጡት በሽታ እኮ ነው" አልኳት።

"ሁሉም ሰው እንደዚህ ይላል አለችኝ ዶክተሯ" ብላ ሳቀች። ከዚያ አስረዳችኝ። በሰውነታችን ውስጥ የተበላሸውን የሚጠግን ዘረመል አለ። እሱ ራሱ ተበላሽቶ ከተወረሰ ሴቲቱ ለጡትና ለእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ከሌላው ሰው በጣም ትጋለጣለች። አባት ከእናት እኩል ያወርሰዋል፤ እሱን ላያሳምመው ይችላል፣ ለሴት ልጁ ግን ሊያስተላልፍባት ይችላል። "ወንድ የበዛበት ቤት ጤነኛ ይመስላል እትዬ" አለችኝ።

እኔ የማስበው ስለ እናቴ ነበር። እሷ የምታስበው ስለ ሕይወቷ ነበር። ልዩነታችን ይህ ነው፤ ለእሷ ክብር ስል እናገረዋለሁ።

በዚያው ሰሞን ሽማግሌ ተላከላት። ተጋቢዎች በሥጋ አለመዛመዳቸው ሰባት ቤት ወደ ላይ ተቆጥሮ ይጣራል። አባቴ ሞቷልና በእኛ በኩል ከእሱ ጀምሮ ወደ ላይ የቆጠረው ታናሽ ወንድሙ ነው። አጎቴ በዚህ ይታወቃል፤ እነ እገሌን የወለደ እገሌ እያለ ሳያስልና ሳይሳሳት ያወርደዋል። ሽማግሌዎቹ ተደስተው ሄዱ። የቤተሰብ ሰው ብቻ ስንቀር ልጃችን ብርጭቆ ልታነሳ ወጣች።

"አባባ፣ ቆጠራዎ ያምራል" አለችው አጎቴን።

"አባቶችሽ ናቸው፣ ኩሪ!"

"እናቶቼስ? አንድም ሴት አልጠሩም እኮ።"

"ሴትማ የምትቆጠረው በገባችበት ቤት ነው።"

"በገባችበትም ቤት አልተቆጠረች አባባ። አሁን የእነሱን ሰማሁ፣ እነሱም ወንዶቹን ብቻ ነው የጠሩት።"

ሰው ሳቀ። አጎቴም ሳቀ። "እሺ፣ የእርስዎ እህቶች ስንት ነበሩ?" አለችው።

"ሁለት። አንዷ ይህችው ናት" ብሎ አክስቴን በአገጩ አሳየ።

"ሌላዋ በምን ሞተች?"

አክስቴ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። "አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም? በሠርግሽ ወሬ ላይ ሬሳ ታወጫለሽ?"

"እማማ፣ ሬሳ እያወጣሁ አይደለም። እኔ ሬሳ እንዳልሆን ነው።"

ማንም አልሳቀም። አጎቴ ጫማውን ያይ ጀመር። እኔ ብሆን የዓመታት ጥርቅም ንግግሬን በዚያች ደቂቃ እዘረግፈው ነበር። እሷ ግን ድምፅዋን እንኳ አልጨመረችም። ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ገባች።

ከዚያ በኋላ ልጃችን ጠዋት ጠዋት የራሷን ሱቅ ሳትከፍት በአክስቴ ሱቅ መቀመጥ ጀመረች። ስለ በሽታ አታነሳም። ጣቃ ታቀብላለች፣ ሜትር ትይዛለች፣ ስለ ዕቃ መወደድ ታወራለች። "ምን ትሠሪያለሽ እዚያ?" ስላት "እየለመደችኝ ነው" ትለኛለች። አንድ ቀን ልጠራት ሄጄ በሩ ላይ ከተሰቀለው መጋረጃ ጨርቅ ጀርባ ስደርስ የአክስቴን ድምፅ ሰማሁ፤ ቆምኩ።

"ታላቅ እህቴ በጡቷ ነው የሞተችው" ትላለች። "ሁለተኛ ልጇን እያጠባች ነበር። ወተት ነው የቋጠረ አልን። እናቴ ደግሞ ሆዷ አበጠ። መተት ነው ተብሎ ያላዞርናት ቦታ የለም።"

"ለምንድን ነው ሳይናገሩ የኖሩት እማማ?"

"ሦስት ሴት ልጆች ነበሩኝ። ማን ሽማግሌ ይልክልኝ ነበር?"

"ገባኝ" አለች ልጃችን።

ለእኔም ገባኝ። የገባኝን ሁሉ ግን ይቅር የማለት ግዴታ የለብኝም። ሦስቱን ልጆቿን የዳረቻቸው በእናቴ ስም መጥፋት ነው። እናቴ ይህን ሳትሰማ ሞታለች። መጋረጃውን ገልጬ ልገባ ስል ልጃችን አየችኝና በዓይኗ ከለከለችኝ። ከዚያ ወደ አክስቴ ዞራ፣ "እናትዎ ሆዳቸው ሲያብጥ ዕድሜያቸው ወደ ስንት ነበር?" ብላ መጠየቋን ቀጠለች። አሮጊቷም መለሰችላት። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከማን እንደወረሰች አላውቅም፤ ከእኔ አለመሆኑን ግን አውቃለሁ።

ለእጮኛዋ ልትነግረው ስትነሳ፣ "ሠርጉ ይለፍ" አልኳት።

"ሳይነገረው ካገባኝ ማንን ነው ያገባው?" አለችኝና ሄደች። አውቶቡስ ተራ አጠገብ ያለ ጭማቂ ቤት ተቀምጠው ሁሉንም ነገረችው። የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ዝምተኛ ልጅ ነው። "ውጤቱን ልትሰሚ ስትሄጂ ብቻሽን እንዳትሄጂ" ነው ያላት። ብዙ ወንድ አልወድም፤ እሱን ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደድኩት።

የእሷም የእኔም ደም ተወስዶ ወደ ውጭ አገር ተላከ። እኔን ያስገባችኝ ራሷ ናት፤ "አንቺም የወንድ አያቴ ልጅ ነሽ" ብላ። ውጤቱ ሲመጣ እጮኛዋም ጭምር ሦስታችንም ዶክተሯ ፊት ተቀመጥን። የተበላሸው ዘረመል በእሷ ላይ አለ። በእኔ ላይ የለም። ለእያንዳንዱ ልጅ የመድረስና ያለመድረስ ዕድሉ እኩል ነው አለችኝ ዶክተሯ። ለእህቴ ደረሰ፣ እኔን ዘለለኝ። በዚያ ወሬ የተነሳ ሳላገባ የቀረሁት እኔ ነፃ ነበርኩ። ሳቅ አመለጠኝ። ዶክተሯ ውኃ ሰጠችኝ።

ልጃችን አላለቀሰችም። "ምን ምን ማድረግ ይቻላል? የትኛው ይቀድማል?" አለች። ዶክተሯ ዘረመሉ አለ ማለት ካንሰር አለ ማለት እንዳልሆነ ደጋግማ ነገረቻት። ጡቷ በየጊዜው በመሣሪያ ይታያል። ልጅ ከፈለገች ሳትቆይ ትውለድ። ወልዳ ስትጨርስ እንቁላል ማምረቻዋና ቱቦዎቹ በቀዶ ጥገና ይወጣሉ፤ የዚያ ካንሰር ቀድሞ የሚታይበት መንገድ ስለሌለ መጠበቅ አይሻልም። ጡትንም ቀድሞ ማስወጣት ይቻላል፣ እሱ ግን የራሷ ውሳኔ ነው። እህቴ ከዚህ ሁሉ አንዱንም የሚነግራት ሰው አላገኘችም።

ከሐኪም ቤቱ ስንወጣ፣ "አሁን ለእማማ ልጆች መንገር አለብኝ። እነሱም ሴቶች ልጆች አሏቸው" አለች።

"ለእነሱ? ራሳቸው ይድረሱበት!"

"እትዬ፣ እናቴን የጎዳት መደበቁ ነው። አሁን ደግሞ እኔ ልደብቅ?"

ሄደች። የአክስቴ ታላቂቱ ልጅ፣ ያኔ በለቅሶው ከእናቷ ኋላ ቆማ ራሷን ስትነቀንቅ የነበረችው፣ "ሟርተኛ! ቤቴ ውስጥ ሞት አትጥሪ" ብላ አስወጣቻት። ልጃችን የዶክተሯን አድራሻ በሩ አጠገብ ባለ ወንበር ላይ አስቀምጣላት ተመለሰች። ስትነግረኝ እንኳ አልከፋትም። "ዛሬ ባትሰማኝ ነገ ትመጣለች" አለች።

አገባች። ሴት ልጅ፣ ከዚያ ወንድ ልጅ ወለደች። ለምርመራ በሄደችበት ቀን ሁሉ እኔ ሱቅ ውስጥ ገዢ ሲያናግረኝ አልሰማም፤ እሷ ግን ወጥታ "ደህና ነኝ፣ ምሳ በላሽ?" ብላ ትደውልልኛለች። ጡቷን ለጊዜው በክትትል ልትቆይ ወሰነች። ባለፈው ክረምት ግን፣ "ሁለት ልጅ ይበቃኛል፣ ጊዜው ደርሷል" ብላ ለቀዶ ጥገናው ራሷ ቀጠሮ ያዘች። ወር አበባዋ ቶሎ እንደሚቋረጥ፣ ሙቀት ሙቀት እንደሚላትና ሌላም ተነግሯታል። ሁሉንም ሰምታ፣ አስባ ነው የገባችው። እኔ በዚያ ዕድሜ ለአንድ ጥርስ መነቀል ስንት ቀን እንደፈራሁ አስታውሳለሁ።

ስትነቃ ባሏ አጠገቧ ነበር። የመጀመሪያ ቃሏ "ራበኝ" የሚል ነው። የወጣው ተመርምሮ ንጹህ መሆኑ ቆይቶ ተነገረን። በዚያን ቀን ግን ገና አናውቅም ነበርና ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ነበር። ቀና ስል የአክስቴ ታላቂቱ ልጅ ከሴት ልጇ ጋር ቆማለች። ፀጉሯ ሸብቷል። በእጇ የቀጠሮ ካርድ ይዛለች።

"እንዴት ሆነች?" አለችኝ።

"ነቅታለች።"

ልትሄድ ፈለገች፤ መሄድም ፈራች። ልጇ እጇን ያዘቻት። ይህን ቀን ስንት ጊዜ በልቤ እንዳዘጋጀሁት እኔ ነኝ የማውቀው፤ የምላት ሁሉ አፌ ላይ ነበር። ከውስጥ የልጃችን ድምፅ ይሰማል፤ ሾርባው ቀዝቅዟል ብላ ባሏን እየተቆጣች ነው።

"ዶክተሯ ስለ እናትሽ እናትና ስለ እናትሽ እህት ሁሉንም ትጠይቅሻለች" አልኳት። "እንዳትደብቂያት።"

ቦርሳዬን ከጎኔ ካለው ወንበር ላይ አነሳሁላት። ተቀመጠች።