የአማቴ ባለ ሪሞት ምድጃ

አማቴ ወልድያ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ እኔና ባለቤቴ መርሳ ነን። ወልድያ ይበርዳል፣ መርሳ ይሞቃል፤ የቤተሰባችን ጭቅጭቅ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው። የአማቴ ጉልበት ብርድ አይወድም። ባለቤቴ እናቷን አውርዳ ከእኛ ጋር ልታኖራቸው ትፈልጋለች። እሳቸው ደግሞ ቤታቸውንና በአጥር በኩል የሚያወሯቸውን ጎረቤቶቻቸውን ትተው የትም መሄድ አይፈልጉም። «እኔ ከዚህ የምወጣው በሰው ትከሻ ነው» ይላሉ። እኛ ቤት መምጣት እንደ ቅጣት መቆጠሩ ትንሽ ቆንጥጦኛል፤ ግን ስለ እኔ ስሜት የጠየቀ ሰው አልነበረም።

አዲስ አበባ ያለው የባለቤቴ ወንድም መፍትሔ ብሎ የላከው የጋዝ ምድጃ ነበር። ወደ አገራቸው የሚመለሱ ፈረንጆች ዕቃቸውን ሲሸጡ አግኝቶ ነው የገዛው። ወጥ የሚሠራበት እንዳይመስላችሁ። ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ተጠግቶ የሚቀመጥ፣ ፊቱ መስታወት የሆነ፣ ውስጡ የውሸት ግንድ የተደረደረበት፣ በሪሞት የሚበራ ቤት ማሞቂያ ነው። እኔ መርሳ ውስጥ ዲሽ እየተከልኩ የምኖር ሰው ስለሆንኩ፣ ሪሞት ያለው ነገር ሁሉ የእኔ ሥራ ነው ተባለ። ጋዝና ቴሌቪዥን እንደማይገናኙ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ሰሚ ሳጣ የሆቴል ወጥ ቤቶችን ጋዝ የሚዘረጋ ባለሙያ ለምኜ ይዤ ሄድኩ።

ባለቤቴም አብራን መጣች፤ ሥራው ሳይጀመር ውሏን ተናገረች። «እማዬ፣ አንዲት ስህተት ካየሁ ወይም ከሰማሁ፣ ዕቃሽን ይዘሽ መርሳ ነሽ። አንዲት!» አማቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ተገቢ ነው አልኩ። ከጋዝ ጋር ቀልድ የለም።

ባለሙያው ግድግዳውን በስቶ የጭስ ማውጫውን ወደ ውጭ አወጣ። ሲሊንደሩን ከቤት ውጭ፣ ጣሪያው በሚጋርደው በኩል አቆመው። መጋጠሚያውን ሁሉ የሳሙና አረፋ ቀባና አረፋው የሚነፋበት ቦታ አለመኖሩን ጎንበስ ብሎ አየ። የእኔ ድርሻ ከሪሞቱ ትእዛዝ የሚቀበለውን ትንሽ ሳጥን ሙቀት ከማይደርስበት የምድጃው ጥግ ማሰር ነበር። ሳጥኑ በባትሪ ስለሚሠራ መብራት ጠፋ አልጠፋ ግድ የለውም። ጎኑ ላይ አንዲት መግፊያ አለችው፤ አንዱ ጫፍ ያበራል፣ ሌላው ያጠፋል፣ መሐል ላይ ስትሆን ሪሞቱን ትሰማለች።

«ሲያጠፉ ሪሞቱ እምቢ ካለዎት ይቺን ወደ ማጥፊያው ይግፏት» አልኳቸው። «እሷም እምቢ ካለች ውጭ ይውጡና ሲሊንደሩን ይዝጉ። ሲተኙ ያጥፉት። ጋዝ ከሸተተዎት ግን ምንም አይንኩ፣ መብራትም ቢሆን አያብሩ፤ በሩን ከፍተው ወጥተው ይደውሉልን።»

«እሺ ልጄ» አሉ። ፊቴን ዞር ከማድረጌ ነጭ ዳንቴል አውጥተው ምድጃውን አለበሱት። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ፍሪጁም አለው፤ አዲስ ዕቃ እዚያ ቤት ሳይለብስ አያድርም።

«እማማ፣ ይሄ እሳት ነው፤ ዳንቴል አይለብስም።»

«እና ራቁቱን ይቀመጥ?»

ባለቤቴ አየችኝ። ገና አልተበራም፣ አይቆጠርም አልኳት። አማቴ ዳንቴሉን ቀስ ብለው አጣጥፈው ያዙት፤ ሳቅ ያልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሪሞቱን ከነላስቲኩ ተቀብለው ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጡት።

ከዚያ በኋላ በተደወለ ቁጥር ወሬው አንድ ነው። «አብሽሩ! ሙቀቱ ገደለኝ እኮ» ይላሉ። ባለቤቴ ደስ አላት። እኔም የሥራዬ ውጤት ነው ብዬ ኮራሁ፤ ለወንድሟም ሳልደውልለት አልቀረሁም።

ብርዱ ሲበረታ ጋዙ ሳያልቅ አይቀርም ብዬ ወደ ወልድያ ተሳፈርኩ። ሲሪንቃን ስናልፍ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው መስኮቱን መዝጋት ጀመረ። ወልድያ ላይ ሙሉ ሲሊንደር ገዝቼ በባጃጅ አማቴ ግቢ ደረስኩ። ሳሎን ውስጥ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርበው፣ እግራቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ተቀምጠዋል።

«አሁን ነው ያጠፋሁት» አሉ፣ ሳልጠይቃቸው።

መስታወቱን ነካሁት። ሲበዛ ይቀዘቅዛል። ውጭ ወጥቼ አሮጌውን ሲሊንደር ፈትቼ ላነሳው ስል ከበደኝ። ካመጣሁት ጋር እያፈራረቅሁ አነሳሁ፤ ክብደታቸው አንድ ነው። ተመልሼ ገባሁ።

«እማማ፣ ጋዙ አልተነካም።»

ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳብ አደረጉ።

«ማብራቱ ከበደዎት?»

«ምን ይከብደኛል!» ቆጣ አሉ። «መግፊያዋ መሐል ትሆናለች፤ ሪሞቱን እጫናለሁ። አልጠፋም ካለ እሷን እገፋለሁ፤ እሷም እምቢ ካለች ወጥቼ ሲሊንደሩን እዘጋለሁ። ከሸተተኝ ምንም ሳልነካ በሩን ከፍቼ እወጣለሁ። ይበቃሃል ወይስ ልጨምር?»

አንድም አልሳቱም።

«ታዲያ ለምን በብርድ ይቀመጣሉ?»

«አንዲት ስህተት አላለችም ሚስትህ? ያልነደደ ምድጃ ላይ ምን ስህተት ታገኙብኛላችሁ? ብርዱን እችለዋለሁ ልጄ። የማልችለው ከቤቴ መውጣቱን ነው።»

አፈርኩ፤ ተናደድኩም፤ በማን እንደተናደድኩ ግን ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። ውሉን ተገቢ ነው ያልኩት እኔም ነበርኩ። ይህን ሁሉ ጊዜ እኚህን ሴትዮ ከእሳት እንጠብቃለን ብለን በብርድ ቀጥተናቸዋል።

እዚያው ቆሜ ለባለቤቴ ደወልኩና ያየሁትን ነገርኳት።

«ሲሊንደሩ ሙሉ ነው?» አለች።

«ሙሉ ነው።»

«ስልኩን ስጣት።»

የሰማሁት አማቴ የሚሉትን ብቻ ነው። «ደህና ነኝ... አይ፣ አልታመምኩም... አታልቅሺ እንጂ... ማጥፋቱን ብረሳስ?... ቢሆንም?... በማርያም በይ።» ረጅም ጊዜ አዳመጡ። ስልኩን መለሱልኝና ጋቢዎቹን አንድ በአንድ ከላያቸው አወረዱ። ከቁም ሳጥኑ ሪሞቱን አምጥተው ላስቲኩን በጥርሳቸው ቀደዱት።

«ብሳሳትም ቤቴ ነኝ» አሉኝና ተጫኑት።