በስለላ የተረሸነው አህያ

ያ በጦርነቱ የመሸግንበት ኮረብታ ጠብታ ውሃ አልነበረውም። ያለችው አንዲት ምንጭ በእኛና በጠላት ምሽግ መሃል፣ ሸለቆው ውስጥ ነበረች። ልጆቼ፣ ዛሬ ኮልፌ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ቢጫ ጀሪካናችሁን ደጅ ላይ ስትደረድሩ፣ ለእኔ የምትታየኝ ያቺው ምንጭ ናት።

ውሃ የሚያመጣልን ሸምሱ ነበር። የሰፈሬ ልጅ ነው፤ አባቱ እዚሁ በርበሬ ይነግዱ ነበር። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ቡላ የምንለውን አህያ እየነዳ ይወርዳል።

አንድ ቀን ምንጩ አጠገብ ተኩስ ተከፈተበት። ውሃ ሳይቀዳ አህያውን ትቶ በደረቱ እየተሳበ ተመለሰ። ጎህ ሲቀድ ቡላ ብቻውን አቀበቱን ወጣ። ጀሪካኖቹ ሙሉ ናቸው፤ ክዳናቸውም ጥብቅ ተደርጎ ተዘግቷል።

«አንተ ቡላ፣ እጅ አበቀልክ እንዴ?» አለ ሸምሱ። ሳቅን። ጠጣን።

ከዚያ ወዲህ ባዶ ጀሪካን ጭነን ብቻውን እንሰደዋለን፤ ሞልቶለት ይመጣል። ማን እንደሚሞላለት ሁላችንም ገብቶናል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም። እሱ ሲወርድ እኛ ወደ ምንጩ አንተኩስም። እነሱም አይተኩሱም።

ወሬው የፖለቲካ ኃላፊው ጆሮ ደረሰ። አህያው ታሰረ። እውነቴን ነው፣ ዘብ ቆመለት። ጆሮው ተፈተሸ፤ ጀርባው ላይ ያለው መደላድል ተቀደደ። ከገለባ በቀር የተገኘ ነገር የለም።

«ለጠላት ምንድን ነው የምትልከው?» ተባለ ሸምሱ።

«ባዶ ጀሪካን፣ ጓድ።»

«ትቀልዳለህ?»

«ኧረ አልቀልድም። ካላመኑኝ እሱን ይጠይቁት» ብሎ ወደ አህያው አመለከተ።

በሳቃችን ሰውየው ባሰበት። ቡላ በስለላ ተረሸነ። ሸምሱም ከሃዲ አለመሆኑን እንዲያሳይ፣ ከሁለት ወታደሮች ጋር ራሱ ወርዶ እንዲቀዳ ታዘዘ።

የመቶ መሪያችን «ጓድ፣ አህያውን ካላዩ ይተኩሳሉ» ብሎ ለመነ።

«አንተ በምን አወቅህ?» ሲለው ሰላምታ ሰጥቶ ወደ ኋላ ተመለሰ። ብንናገር ቀጣዮቹ ሰላዮች እኛ ነበርን።

ሸምሱ ጀሪካኑን ሲያነሳ ወደ እኔ ዞር አለ። «ለአባቴ ውሃ ሲቀዳ ሞተ እንዳትላቸው፤ ይስቁብኛል።»

ተኩሱ ብዙ አልቆየም። የተመለሰ የለም።

ኋላ ሸለቆውን ስንይዝ አንድ ምርኮኛ አመጡ፤ ከንፈሩ በጥም ተሰነጣጥቋል። መጀመሪያ የጠየቀን «አህያውስ ደህና ነው?» ብሎ ነው። ውሃ ሰጠነው።

ሦስቱን ጓደኞቻችንን ምንጯ ዳር ቀበርናቸው። አህያውን ብንቆጥር ሟቾቹ አራት ናቸው።

አገር ሰላም ሆኖ ስመለስ የሸምሱ አባት ሱቃቸው ደጅ ጠበቁኝ። «እንዴት ሞተ?» አሉኝ። የሸምሱን አደራ አፍርሼ «ውሃ ሲቀዳልን» አልኳቸው።

አልሳቁም።

«ውሃውስ ደረሳችሁ?» ብቻ አሉኝ።