ለአጎቴ ያሳደግኩት ጢም

ያሳደጉኝ አጎቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ወታደሮችን ከመርዝ ጋዝ ራስን መከላከል ያሰለጥኑ ነበር። እኔም ወታደር ሆኜ አቦከር ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ስመጣ፣ በሩ ላይ ጠብቀው ከሰላምታ በፊት በመዳፋቸው ጉንጬን ይዳብሱኛል። ጢም ካገኙ ፊታቸው ይጠቁራል።

«ልጄ፣ ጭምብሉ ፀጉር ላይ አይገጥምም። ጋዙ በዚያው ይገባል» ይሉኛል። ካልተላጨሁ ምሳ አይቀርብም።

ያረፉ ጊዜ እንደ ወጉ ለሐዘን ጢሜን አሳደግኩ። ወደ ጦር ክፍሌ እንደተመለስኩ የጋዝ መከላከል ልምምድ ሆነና፣ ጭምብሌን አጥልቄ ወታደሮቼን እየመራሁ አስለቃሽ ጭስ የተሞላ ድንኳን ውስጥ ገባሁ። ጭሱ በጉንጬ በኩል ገባ። እያሳልኩ፣ ንፍጤ እየተዝረከረከ፣ ከሁሉም ቀድሜ ሮጬ ወጣሁ።

አዛዤ ጢሜን አየና «አንተን ማን ነው ያሰለጠነህ?» አለኝ። የሳቸውን ስም መጥራት አፈርኩ።

የዚያኑ ዕለት ተላጨሁ። ለአርባቸው ስመጣ ባለቤታቸው ልሙጥ ፊቴን አይተው፣ በለቅሶተኛው ሁሉ ፊት፣ «እንዲህ ቶሎ ረሳሃቸው?» አሉኝ።

እንዳልረሳኋቸው በመዳፋቸው ዳብሰው የሚያውቁልኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ በሩ ላይ ግን ማንም አልጠበቀኝም።